ማንሳራ ዲዲ መስኮቷን የዘጋች ቀን

በሆስፒታላችን በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አምስት ሐኪሞች እንዳሉን ይናገራል። ስማቸው በነጭ ቀለም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሰሌዳ አይዋሽም የምትሉ ከሆነ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርታችሁ አታውቁም። አንደኛው ለትምህርት ዋና ከተማችን ካትማንዱ ከወረደ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለተኛዋ አግብታ አውስትራሊያ ገባች። ሦስተኛው በውሰት ሌላ ወረዳ ይሠራል። አራተኛው አለቃችን ዶክተር ሂራማን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሉ ማዳመጫውን በማኅተም ከቀየሩት ቆይተዋል። የቀረው ዶክተር አቪናሽ ነበር። ሕዝቡ «ሐኪሙ» ሲል እሱን ማለቱ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ማንሳራ ፑን ነው። የመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። እኔ ሎክራጅ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነኝ። የእሷና የእኔ መስኮት በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከሚስቴ ፊት ይልቅ የማንሳራን ፊት ነው ብዙ ያየሁት። ይህንን አንድ ቀን ለሚስቴ ነግሬያት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

ማንሳራ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከገበያው በላይ የሁለት ሰዓት ዳገት ካለው የማጋር ጎሳ ሰዎች መንደር ነው የመጣችው። ባሏ ኳታር ሄዶ በሣጥን ሲመለስ ልጇ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ በጽዳት ቀጠራት። የቀድሞው የመድኃኒት ባለሙያ መጠጥ ይወድ ነበርና ከቀትር በኋላ ዕቃውን ከመደርደሪያ የምታወርድለት እሷ ነበረች። እያወረደች ስሙን ለመደች፤ ስሙን ለምዳ ፊደሉን አጠናች፤ ፊደሉን ይዛ አንድ ዓመት ተምራ ወረቀት አመጣች። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልተገረመም፤ ወንበሩ ድሮም የእሷ ነበር።

ታናሹም ታላቁም «ዲዲ» ይላታል፤ እህት ዓለም እንደማለት ነው። ሰውን የምታስታውሰው በስሙ ሳይሆን በሕመሙ ነበር። ገበያ ላይ «የግራ ጉልበት! እንዴት ነህ?» ብላ ትጣራለች። የዘመዴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራውን እጁን ይዛ «ትሉስ ወጣልህ?» ብላው የሙሽሪት አጎቶች ሩዙን ትተው ተያይተዋል። ክፋት የላትም። አንድ ጊዜ መድኃኒት የሰጠችውን ሰው ሕመም ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዶክተር አቪናሽ ካርና ከቆላ ነው የመጣው፣ ከጃናክፑር። መንግሥት አስተምሮት ስለነበር ለሁለት ዓመት ዳገት ላይ የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ሲመጣ ሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ብርድ የሚፈራ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወርዶ ዓሣ ያጠምድና በሰናፍጭ ወጥ ይሠራልን ነበር። እኛ ደጋዎቹ ዓሣ ከነአጥንቱ መብላት አናውቅም፤ አንድ ጊዜ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ እሱ ራሱ በመቆንጠጫ አወጣልኝ። «ሎክራጅ ዳይ፣ ወንድሜ፣ ዓሣ የሚያቀርብልህም የሚያድንህም አንድ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ሆስፒታል አለ?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ።

ነገሩ የተለወጠው በሐምሌ ነው። መንገዱ በናዳ ተቆርጦ ነበር። ሱንታሊ የምትባል አራስ ዘመዶቿ ከአምስት ሰዓት መንገድ በቀርከሃ ቃሬዛ በዝናብ ተሸክመው አመጧት። እዚያው መንደሯ ወልዳለች፤ ልጁ ደኅና ነው፤ ደሟ ግን አልቆም ብሏል። ሆስፒታላችን የደም ማስቀመጫ የለውም። ደሟን መርምሬ ኮሪደር ለኮሪደር እየሮጥኩ ከእሷ ጋር የሚገጥም ሰው ስፈልግ ሁለት አገኘሁና ቀዳሁ። ሦስተኛውን ስፈልግ ሞተች። አቪናሽ እጁን ከሆዷ ላይ ለማንሳት ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

ከዚያ የሆነው በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ። የባሏ ወንድሞች ከሻይ ቤቱ ድስት ጥላሸት ጠርገው አምጥተው በግቢው መሐል የአቪናሽን ፊት ቀቡት። ሐኪም ያጠፋ የመሰለው ሕዝብ ጥላሸት ይቀባል። ፖሊሱ ቆሞ አየ። እኛም ቆመን አየን። አቪናሽ አልተከራከረም፤ እጁንም አላነሳም። ሲጨርሱ ቧንቧው ጋ ሄዶ ታጠበ፤ እኔ ሳሙና አቀበልኩት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ አርባ ሰው ተሰልፎ ነበርና። እስከ ማታ ከጆሮው ጀርባ ትንሽ ጥቁር ነገር ቀርቶበት አይቻለሁ። ሳሙና ሰጠነው እንጂ አንድ ቃል አልሰጠነውም።

ጥላሸቱን በታጠበ ማግስት ከማንም ቀድሞ ሥራ ገባ። ያን ሰሞን መሥራት ሳይሆን ከሥራው አለመለየት ጀመረ። የቀን ተረኛ እሱ፣ የሌሊት ተረኛ እሱ፣ የእሑድም የበዓልም እሱ። እኛም የጫኑት አጋሰስ የለጎሙት ፈረስ ሆኖ ስላገኘነው ደስ አለን። ዶክተር ሂራማን የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው በመስታወት አስገጥመው ሰቀሉለት። በስብሰባ ላይ «ሐኪም እንዲህ ነው! እኛ በወጣትነታችን ሦስት ቀን ሳንተኛ እንሠራ ነበር» አሉ። ሁላችን አጨበጨብን። እሱም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ወደ ማንም አልሄደም። ሌላ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ ሐኪም ሲደክመው ይመሰገናል።

ዓሣው ቀረ። መረቡን ለዘበኛው ሰጠው። አንድ ጠዋት ወደ እኔ መጥቶ ያንን የሚወደውን ወፍራም ጃኬት መስኮቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ብርዱ እየመጣ አይደል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አለ። እኔ ሞኙ ዝውውር ያገኘ መስሎኝ አመስግኜ ለበስኩት፤ ልክክ አለልኝ ብዬም ገበያ ውስጥ ሁለት ዙር ዞርኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ማንሳራ ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። በእኛ ቤት ሐኪሙ በትንሽ ወረቀት የታካሚውን ስምና መድኃኒቱን ይጽፋል፤ ታካሚው ወረቀቱን ይዞ መስኮቷ ላይ ይሰለፋል። ከቀትር በኋላ ሰልፉ ሲያልቅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነበበች ሽቦ ላይ ትሰካቸዋለች። በነሐሴ ውስጥ አንዳንዱን መድኃኒት አቪናሽ ራሱ እየመጣ መውሰድ ጀመረ፤ ለተኛ በሽተኛ ነው፣ አስታማሚ የለውም እያለ። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚሰጥ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ሽማግሌ ስም ጻፈ። ማንሳራ ሽማግሌውን ታውቃቸዋለች፤ «ሳሉ» ናቸው፤ ከወጡ ሳምንት አልፏቸዋል። ተሳስቶ ይሆናል ብላ ዝም አለች። ቀጥሎ የጻፈበት ስም ጨጓራውን የሚያመው ሰው ነበር፤ እንቅልፍማ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው። አሁንም ዝም አለች። የመድኃኒት መስኮት ሐኪምን አይጠይቅም፤ የሥራው ሕግ ይህ ነው፤ እሷም ወንበሩን ያገኘችው ይህን ሕግ አክብራ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁ በዓላችን ዳሻይን ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አቪናሽ ወረቀት ሰጥቷት ቆየት ብዬ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። ሰልፉ ገና አላለቀም ነበር። ማንሳራ ወረቀቱን አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበች። ከዚያ የመስኮቱን መዝጊያ ስባ ዘጋችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰው ተሰልፎ እያለ መስኮቱ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተሰለፈው ሕዝብ አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት ዲዲ ሽንት መጥቶባት ነው ታገሡ ብለው አረጋጉ።

በጎን በር ወጥታ ወደ እኔ መጣችና ተከተለኝ አለችኝ። የአቪናሽ ክፍል በር ላይ ስንደርስ እዚሁ ቁም፣ ማንንም እንዳታስገባ ብላ እሷ ገባች። በሩ አይገጥምም፤ የእኛ ቤት በር አንዱም አይገጥምም። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሰማሁ።

«ዶክተር፣ ይህ ወረቀት የማን ነው?»

«የታካሚ ነው ዲዲ። ስሙ ተጽፏል አይደል?»

«ሱንታሊ ይላል» አለችው። «ሱንታሊ በሐምሌ አርፋለች። የተረፈውን የእሷን ግሉኮስ መደርደሪያ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

በስንጥቁ አጮለቅሁ፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ የራሱን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ እያየ ነበር።

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እጄ ነው የጻፈው። ስም ስፈልግ... ሌላ ስም አልመጣልኝም» አለ።

ማንሳራ የታካሚው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የምትለው፤ በእናቱ ዕድሜ ብትሆንም ሐኪም ነውና። ያን ጊዜ አንተ አለችው፤ ባቡ አለችው፤ ሰው የራሱን ልጅ እንደሚጠራው።

«ባቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ አትቆጣኝ። መሞት አስበሃል?»

እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ? የእንዲህ ያለውን ነገር ስም የጠራ ነገሩን ራሱን ይጠራዋል ብለው ነው ያሳደጉን። ዘልዬ ገብቼ አፏን ልይዛት ምንም አልቀረኝም።

«አዎ» አለ አቪናሽ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዝናቡ ጀምሮ። ጠዋት ስነቃ ደግሞ ነቃሁ እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም ዲዲ። አላዝንም፣ አላለቅስም። ሰው ሲያመው አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ የሚቀጥለው ይገባል። ውስጤ ባዶ ቤት ነው።»

«መድኃኒቱንስ እየዋጥከው ነው ወይስ እያስቀመጥከው?»

መልሱን አልሰማሁትም፤ መሳቢያ ሲከፈት ግን ሰማሁ። ማንሳራ ያገኘችውን ሁሉ ሽርጧ ውስጥ ሰብስባ የመሳቢያውን ቁልፍም አምጣ አለችው። ሰጣት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቁልፉን ሲሰጣት ከባድ ሸክም የወረደለት ሰው ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ስለ ባሏ ነገረችው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቷ ስቀመጥ አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን ነው የነገረችው። ሁላችን የምናውቀው ልቡ ቆመ የሚለውን ነበር፤ ሣጥኑም ላይ እንዲያ ተብሎ ነው የተጻፈው።

«ከኳታር ደውሎ ማንሳራ ደክሞኛል አለኝ። እኔ ደግሞ ማን ያልደከመው አለ፣ ለዳሻይን ትመጣ የለ፣ ቻለው አልኩት። ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ማውራት ጀመርኩ። እሱም እሺ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተ አሉኝ። እንዴት እንደሞተ አብሮት የሚያድር ሰው ነው በኋላ የነገረኝ። ያኔ ብጠይቀው ኖሮ ይኖር ነበር ወይ? አላውቅም ባቡ። አልጠየቅሁትም፤ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።»

አቪናሽ ያን ጊዜ አለቀሰ። ሰው ሲያለቅስ በመስማቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን እየጠረገ በሽተኞቹን ማን ያያቸዋል አለ። ማንሳራም «ሲቸግር እኔ አያለሁ፤ ከሁለት በሽተኛ የአንዱ ሕመም ትል ነው» አለችው። በለቅሶው መሐል ሳቀ።

እሷ ቤት ወሰደችው። ብቻህን አትሆንም ብላ ቁርጡን ነገረችው፤ ሲበላም ሲተኛም አንድ ሰው አብሮት እንዲሆን ተራ አወጣን። የባሏ እናት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ ናቸው፤ የአእምሮ ሕመም የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ለሳቸው በሽታ ሁሉ ሆድ ባዶ ከመሆን ነው። የቆላ ልጅ ሩዝ ብቻ እየበላ ነው እንዲህ የሆነው ብለው የዳጉሳ ገንፎ በጉንድሩክ፣ በኮመጠጠ የደረቅ ጎመን ሾርባ፣ አቀረቡለት። ካልጨረስክ አልነሳም ብለው ፊቱ ተቀመጡ። ጨረሰ። ሕመሙን አላዳነውም፤ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሳህን መጨረሱ ነበር።

የአእምሮ ሐኪም ያለው ከተማ ነው፤ በጂፕ የአንድ ቀን መንገድ። ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፈቃዱ ማኅተም ያለው ዶክተር ሂራማን ጋ ነው። አቪናሽ ያለ ፈቃድ ከጠፋ ግዴታውን ጥሏል ተብሎ የሐኪምነት ወረቀቱን ያጣል፤ እሱ ደግሞ ከቀረው ነገር ሁሉ የፈራው ይህንኑ ነበር። ማንሳራም ይህን አውቃ በማግስቱ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገባች፤ እኔንም ምስክር ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ጃኬቱን አውልቄ ነበር የሄድኩት።

ዶክተር ሂራማን ገና ከካትማንዱ ስብሰባ መመለሳቸው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። የአቪናሽን ፈቃድ ስትጠይቃቸው ሳቁ። ዳሻይን ስምንት ቀን ቀረው፤ መኪና ይገለበጣል፣ ሰካራም ይፈነከታል፣ የወባ ትንኝ ትኩሳትም ገብቷል፤ ሐኪም ሊሄድ? ምን ሆነና ነው፣ ታይፎይድ ነው? ሳንባ ነው? ስሙን ንገሪኝ አሏት። ነገረቻቸው። ወረቀቱንም አሳየቻቸው፤ መደበቁን አልፈለገችም፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ትል ነበርና።

ወረቀቱን አይተው ቀሉ። በሞተ ሰው ስም መድኃኒት ማዘዝ ወንጀል ነው፣ ለሐኪሞች ምክር ቤት መጻፍ አለብኝ፣ አንቺም መስጠትሽ ያስጠይቅሻል አሉ። ቀጥለውም ድካም ሕመም ከሆነ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ታምሜአለሁ ማለት ነው አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ እንደተሰበረ ልብ ብያለሁ፤ ያኔ ግን ቁጣ መስሎኝ ነበር።

«በሕጉ አባቱ ወይ እናቱ ካልሞቱ ዘንድሮ ፈቃድ የለም» አሉ በመጨረሻ። «ለሐዘን ከሆነ ማንም አይከለክለውም።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ወላጅ የሞተበት ሰው ነጭ ለብሶ አሥራ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሚኒስትርም ቢሆን ያንን ፈቃድ አይነፍግም። በሕይወት ያለ ዘመዳቸውን ሞተ እያሉ፣ የአጎታቸውን ሞት ሁለት ጊዜ እያስመዘገቡ ፈቃድ የሚወጡ አውቃለሁ። ማንሳራም እንዲህ ያለ ውሸት ታመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላመጣችም።

«ዶክተር፣ ልጁ ቢሞት እናቱ አሥራ ሦስት ቀን ትቀመጥለታለች። እኛም ቢሮ ዘግተን ለቅሶ እንሄዳለን፤ እርስዎም መኪና ይሰጣሉ፤ ያንን ሁሉ ቀን ያኔ ከየት ያመጡታል? ከሞተ በኋላ የሚሰጡትን ቀን አሁን በቁሙ ይስጡት» አለች። «ለምክር ቤቱም ይጻፉ። ግን የሚጻፍበት ሰው ይኑር።»

ዶክተር ሂራማን ወንበራቸውን አዞሩ። መስኮቱን ለረጅም ጊዜ አዩ፤ በመስኮቱ የሚታየው የታካሚዎች ሰልፍ ብቻ ነው። ከዚያ የፈቃድ ቅጹን አወጡ። አሥራ ሦስት ቀን ብለው ጻፉ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ብዕራቸው ቆመ። «ሕመም» ብለው ጻፉ። በሐኪም ፈቃድ ላይ ይህን ቃል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ማኅተሙን መትተው ከግድግዳው ላይ ማዳመጫቸውን አነሱ፤ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው የአቪናሽ ክፍል ገብተው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ገቢ አሮጊት እኚህ ደግሞ ማን ናቸው ብላ ነርሷን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

አቪናሽን ከተማ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ የእሱን ዕድሜ የማትሞላ የምትመስል ሴት ናት፤ ብዙ አልተናገረችም፤ ብዙ ሰማችው። ሲወጣ «ሕመም ነው አለችኝ፤ ይታከማል አለችኝ» አለኝ፤ እሱ ራሱ ለስንት ሰው የሚናገረውን ቃል እንደ አዲስ ነገር። ከዚያ ወደ እናቱ ጃናክፑር ወረደ። አሥራ ሦስቱ ቀን ሁለት ወር ሆነ፤ ዶክተር ሂራማን እየጻፉ አራዘሙለት። ለምክር ቤቱ ጽፈው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ግን ደብዳቤ አልደረሰውም። የሱንታሊ ባል ልጁን ለክትባት ያመጣ ቀን ማንሳራ ሐኪሙ ታሟል አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ያን ጥላሸት እኔ አልቀባሁም፣ ግን አልከለከልኩም አላት። እኔም አልከለከልኩም ብላ የልጁን ሽሮፕ ሰጠችው።

አቪናሽ በታኅሣሥ ተመለሰ። ማንሳራ አትመለስ ብላው ነበር፤ ግዴታዬን ጨርሼ ልሂድ ብሎ ነው። ሙሉ በሙሉ ዳነ ብዬ አልዋሽም፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ በየወሩ ከተማ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጠዋት ፊቱ ይጨልማል። ግን እንዲህ ያለ ቀን ሲሆን በራሱ ስም በራሱ እግር መስኮቷ ላይ መጥቶ «ዲዲ፣ ዛሬ ጥሩ አይደለሁም» ይላል። እሷም ቁርስ በላህ ወይ ብላ ትጀምራለች። የሌሊት ተረኛነቱን ዶክተር ሂራማን ለሁለት ተካፈሉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። አቪናሽ ከመመለሱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማንሳራ የመጨረሻዎቹን ታካሚዎች እያስተናገደች ነበር። ከሰልፉ ጭራ ላይ ዶክተር ሂራማን ቆመዋል። ሰዉ ሊያሳልፋቸው ፈለገ፤ እጃቸውን አወዛውዘው እምቢ አሉ። ተራቸውን ጠብቀው መስኮቱ ጋ ደረሱ። ማንሳራ ወረቀት ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ ወረቀት አልያዙም። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ጠርሙስ የማጥብ መስዬ አየኋቸው።

«ማንሳራ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ያንን ልጁን የጠየቅሽውን... እኔን በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ማንሳራ መነጽሯን አወለቀች።

«ዶክተር፣ ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ» አሉ።